ጨው የበዛበት ዳቦ ቆሎ

የልጅ ልጄ ለፈተና ጮክ ብላ ታጠናለች። «ሲነካኩ የሚሠራ ኃይል፣ ሳይነካኩ የሚሠራ ኃይል» አለችና፣ «እማማ፣ እስቲ ምሳሌ ስጪኝ» አለችኝ። የእኔ ልብ ግን ቢቸና ሄዷል፣ በደርግ ጊዜ፣ ጤፍ በሚወቃበት ወር።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ሞጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። በማግስቱ ጠዋት መኪናው በቢቸና አድርጎ ወደ ደጀን እንደሚያልፍ ከሞጣ የመጣ ነጋዴ ነገረን። ወዲያው ዳቦ ቆሎ አቦካን። በድንጋጤ እናቴም ጨው ጨመረች፣ እኔም ሳላውቅ ደገምኩበት። ስንቀምሰው አይበላም፤ ሌላ ዱቄት ደግሞ የለም። እናቴ እግሯን ታማ ስለነበር፣ «በእጁ ስጪው። ጉንጩን ሳሚልኝ» ብላ ላከችኝ።

ትምህርት ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ መቅረትም ያስጠይቃል። ቋጠሮዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ክፍል ተቀመጥኩ። መምህራችን፣ «ለመግፋት መንካት ያስፈልጋል፤ ማግኔት ግን ሳይነካ ይስባል» እያሉ ምስማር ያስዘልላሉ። እኔ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው።

«አንቺ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?»

«ወንድሜ ዛሬ በዚህ ያልፋል፣ ጋሼ።»

ምስማሩን አስቀምጠው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። «ሂጂ። ከጠየቁኝ ውሃ ልትጠጣ ወጣች እላለሁ።» ነፍሳቸውን ይማር።

መኪናው ቀስ አለ እንጂ አልቆመም። ይበልጣልን ከኋላ፣ ከተጨናነቀው ሰው መሀል አየሁት። እጁን ዘረጋ፤ እኔም እየሮጥኩ ዘረጋሁ። ጣታችን ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው ጠባቂው በጠመንጃው ሰደፍ ገፋኝ። እልህ ያዘኝ፤ ቋጠሮውን ባለኝ ጉልበት ወረወርኩት። ከዚያ አቧራው ሁሉንም ሸፈነው።

«ደረሰው?» አለች እናቴ።

«እንጃ።»

ይህንኑ ስትጠይቀኝ ዓመታት አለፉ። ደብዳቤም አልመጣ። እኔም የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መቀመጥ አቃተኝ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን አንድ የከሳ ሰው በምርኩዝ ተደግፎ ደጃችን ቆመ። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«አንቺ፣ ያን ሁሉ ጨው ያበላሽኝ ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች።

ለልጅ ልጄ፣ «ማግኔት ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ማግኔት እንኳ ሲርቅ መሳቡ ይደክማል፤ የሰው ነገር እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይበልጣል ዛሬ ከሞጣ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ብድግ፣ ቁጭ እላለሁ።

«እማማ» አለች ልጅቱ ከደብተሯ ቀና ብላ፣ «ምን ያቁነጠንጥሻል?»