ቀስ ብላ የምትቀርጸው ቴፕ

አባቴ በሕይወቱ ሁለት ነገር ከልቡ አምኗል፤ አንዱ ፈጣሪውን፣ ሌላው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያን። ፈጣሪ እስካሁን ምርቱን አላቋረጠም።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። አባቴ እስራኤል ውስጥ፣ በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና በፈረቃ ይሠራ ነበር። መሀል ከተማ ካለ ሱቅ መዳፍ የምታህል መቅረጫ ቴፕ ሁለት ገዛ፤ አንዷን ለቤታችን፣ አንዷን ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ ለምትጠብቀው ታላቅ እህቱ። ሁለቱም ማንበብና መጻፍ አይችሉም። እኔ ልጽፍላቸው እችል ነበር፤ ግን በልጅ እጅ የማይጻፍ ወሬ አለ። ስለዚህ በካሴት ይነጋገሩ ነበር። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ካሴቱን ይወስዳል፣ ሲመለስ መልሱን ይዞ ይመጣል።

መንገደኛው የሰፈሩን ሁሉ ዕቃ ስለሚሸከም ከአንድ ቤት ከአንድ ካሴት በላይ አይቀበልም። ለዚህ ደግሞ የእኛ ቴፕ መላ ነበራት። በጎኗ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን ሲገፏት ካሴቱ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ በአንድ ካሴት ላይም የሁለት ካሴት ወሬ ይጫናል። ቁልፏን ያገኘኋት እኔ ነኝ፣ አባቴን ያስተማርኩትም እኔው፤ አክስቴም በመንገደኛው በኩል ተማረችው። በዚያ መንገድ የተቀረጸ ካሴት በሌላ ቴፕ ሲከፈት የጫጩት ጩኸት እንደሚሆን አውቄያለሁ። ግን ሌላ ቴፕ ምን ያደርግልናል? ኩባንያው አለልን።

አንድ ቀን መንገደኛው የአክስቴን ካሴት አመጣ። አባቴ እጁን ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ተቀመጠ፤ እህቱን ሁልጊዜ የሚሰማት እንደዚያ ነው። ቁልፉን ሲጫን ቴፗ አንዴ አቃሰተችና ቆመች።

ወደ ኩባንያው ደወልኩ። በቤታችን ዕብራይስጥ የማነብ እኔ ስለሆንኩ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ውሃ ቆጣሪ የእኔ ክፍል ነበር። ሸሩት ላኮሖት፣ የደንበኞች አገልግሎት ማለት ነው፣ ሙዚቃ እያሰማ አቆየኝ። ሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ብቅ አለችና ያ ሞዴል እንደተቋረጠ በደስታ ነገረችኝ። መለዋወጫውም አብሮ ተቋርጧል።

"ለምን ተቋረጠ? ሰው ይወደው የለም እንዴ?" አልኳት።

"በጣም ይወዱት ነበር። ግን ደንበኞቻችን ወደፊት መራመድ ይፈልጋሉ" አለችኝ።

ደንበኛው አጠገቤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ተቀምጧል፤ የትም መራመድ አይፈልግም። ልጅቱ ሺህ ዘፈን የሚይዝ አዲስ ዕቃ በቅናሽ ልትሰጠኝ ፈቀደች። ካሴት ይቀበል እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ላይ ክፋት አልነበረበትም። ያለችውን ለአባቴ ተረጎምኩለት።

"ሺህ ዘፈን ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። "እኔ የምፈልገው አንዲት ሴት ነው። በያት።"

አላልኳትም። አመስግኜ ዘጋሁት፤ እስካሁን የሚያናድደኝ ማመስገኔ ነው።

ካሴቱን ቤት በነበረን ሌላ ትልቅ ቴፕ ላይ ሞከርነው። የተፈራው ደረሰ፤ ሰባ ዓመት ያለፋት አክስቴ እንደ ጫጩት ተንጫጫች። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አባቴ ግን እስከ መጨረሻው ሰማት። መሀል ላይ እጁን አነሳና "ይች ሳሏ ናት" አለኝ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የለየው ሳሏን ብቻ ነበር።

ካሴቱንና ቴፗን መሀል ከተማ ላለ አንድ የሩሲያ ሽማግሌ ጠጋኝ ሰጠሁት። ውስጧ ያለው ላስቲክ ተበጥሷል፤ ዋጋው ከሻይ አይበልጥም፣ ግን አሁን የሚያመርተው የለም አለኝ። ከሌላ የሞተች ቴፕ እስካገኝ ጠብቂ አለኝ።

በመሀሉ አክስቴ ከጎረቤቷ ሱቅ ደወለች። በዚያ ስልክ የቤት ጉዳይ አይወራም፤ ባለሱቁም ወረፋ ጠባቂውም አብረው ይሰማሉ።

"ወንድምዓለም፣ ካሴቱን ሰማኸው?" አለችው።

ተበላሽቶብኛል ማለት ነበረበት። ግን በእኛ ዘንድ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ በስልክ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ የሰው ሞት እንኳ ስንት ወር ይደበቃል። በዚያ ላይ ቴፗን ሲልክላት ለልጅ ልጅ የምትተርፍ ናት ብሏት ነበር።

"ሰምቻለሁ እትዬ። ያልሽው ይሁን፣ ሁሉም መልካም ነው" አላት።

"እንግዲያው እግዚአብሔር ያኑርህ" ብላ ዘጋች። አባቴ በጨዋነቱ ደስ ብሎት ውሎ አደረ።

ከሁለት ወር በኋላ ጠጋኙ ጠራኝ። ላስቲኩን አግኝቷል። የአንድ ትልቅ ኩባንያ መሐንዲሶች ሁሉ ያልቻሉትን አንድ ጡረተኛ በጥፍሩ ሠራው። አባቴ እንደገና እጁን ታጥቦ ተቀመጠ።

አክስቴ በገዛ ድምፅዋ፣ ቀስ ብላ፣ ሰላምታዋን ጨረሰች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ጉልበቴ ደክሟል፤ እናታችንን ብቻዋን አፈር ውስጥ ትቼ መምጣቱም ከበደኝ። ስሜን ከተራ ጠባቂዎቹ ዝርዝር ላሰርዝ አስቤያለሁ። አንተ ነይ ካልከኝ ግን እመጣለሁ። እምቢ ብየህ አላውቅም። አንዲት ቃል በለኝ።"

አባቴ ቴፗን አላቆማትም። ካሴቱ እስኪያልቅ ጠበቀና ስልኩን ያዘ። ባለሱቁ አስጠራት። ያኔ ከአባቴ ጋር በስልክ ባወራች በሦስተኛው ቀን ሄዳ ስሟን አሰርዛለች። ለመምጣት ዓመታት ያስጠበቃት ቢሮ ይህን በአንድ ጠዋት ጨረሰላት፤ መልሰው እንደማይጽፏትም ነግረዋታል። "ያልሽው ይሁን አልከኝ እኮ" አለችው። እሱም "አዎ፣ ብያለሁ" አላት። ቴፗ ተበላሽታ እንደነበር ያን ጊዜም አልነገራትም።

ስልኩን ዘጋ። እኔ ስለ ኩባንያው የማውቀውን ስድብ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ደረደርኩ፤ የሰማኝ አይመስለኝም። በኋላ ካሴቱን አውጥቶ ሰጠኝ።

"በዚያኛው ክፈችልኝ" አለኝ።

"አባ፣ በትልቁ ቴፕ እኮ ይንጫጫል፤ ምንም አይሰማህም።"

"አውቃለሁ። ሳሏ ይበቃኛል" አለኝ።