የተፋቀው የቡና ግንድ

ማንኪራ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በተመደብኩባቸው ዓመታት፣ ከቦንጋ «እንግዳ ይመጣል» የሚል ወረቀት ከደረሰን ግምገማ ነው ብለን ነበር የምንደመድመው። ስለዚህ አንድ ቀን «ተመራማሪ ትመጣለች፣ ያረጀውን የቡና ዛፍ ታያለች» ሲባል፣ ወደ ቡናው ባለቤት ወደ ሽማግሌው ሮጥኩና «ጋሼ፣ አደራ ያጽዱት» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ አደራ የሚባል ነገር ከምር የሚወስዱ ሰው ነበሩ።

ተመራማሪዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ነበረች። ምን እንደምትፈልግ በእግር መንገዱ ላይ ነገረችኝ። በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚለጠፈው ግራጫ ሊከን ራሱ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው አለች። በእሱ ላይ ደግሞ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ፣ ሮዝ መልክ ያለው ሌላ ፈንገስ ይኖራል፤ እርጥበትና ጥላ ይወዳል፣ ምግቡንም ከሊከኑ ነው የሚያገኘው። እኔ ቦንጋ ሳለሁ አንዲት የኪራይ ክፍል ከሁለት ሰው ጋር እጋራ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባኝ። «የደባል ደባል ነዋ» ስላት ሳቀች። እኔ ከመመደቤ በፊት መጥታ በዚያ ቡና ላይ አይታው፣ ዶፍ ዝናብ አባሯት ናሙና ሳትይዝ ተመልሳለች። ያለ ናሙናው የመመረቂያ ጽሑፏ አያልቅም፤ በማግሥቱ ደግሞ ተመላሽ ናት።

ስንደርስ ግንዱ ያበራል። ሽማግሌው በቢላ ጀርባ ፍቀው፣ በእንሰት ቃጫ ፈትገው፣ እንደ ሙሽራ አሳምረውታል።

«ቆሻሻውን ሁሉ አነሳሁ» አሉ በኩራት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የተመራማሪዋ ፊት ጠቆረ፤ ለእሳቸው ግን ክፉ ቃል አልወጣትም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን እዚያው ተናዘዝኩ።

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው አንገታቸውን አከኩ። «የሚፈለገው ቆሻሻ ከሆነ፣ አለ» ብለው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰዱን። እዚያ የቆመውን አሮጌ ቡና ለማጽዳት ጊዜ ስላልበቃቸው፣ እንግዳ እንዳያይባቸው ቅርንጫፍ ከምረው ሸፍነውታል። ተመራማሪዋ ጭቃው ላይ ተንበርክካ በአጉሊ መነጽሯ ግንዱን ፈተሸች።

«አገኘሁት» አለች። እኔ በደስታ ያንን ሽንት ቤት ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሽማግሌውም መነጽሩን ተቀብለው ግራጫው ላይ የተቀመጠውን ሮዝ ቅንጣት አዩ። ተመራማሪዋ ምላጯን ስታወጣ እጇን ቀስ አድርገው ያዙት።

«ግራጫውን ሁሉ አይውሰዱ፣ ትንሽ ይተዉለት» አሉ። «ይኖርበታል።»