የአቶ ፍቅረማርያም ፎጣ

ሲስተር ስንቅነሽ ሰመራ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ የዓይን ክፍል ስትመደብ ደሴ ያሉ እህቶቿ አልቅሰው ሸኟት። ያለቀሱት ለሙቀቱ ነበር፤ ለአለቃዋ ማልቀስ እንደነበረባቸው ማን ይንገራቸው!

ዘንድሮ ዓይን የሚያቀላው በሽታ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው ስንቅነሽ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ዓይናቸው የቀላውን በጓሮ በር አስገባች። በዓመት አንዴ ከሚመጡት ሐኪሞች የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁትን ለብቻቸው ዳስ ሥር አስቀመጠች። ከሁሉ ያስቸገራት ሰላምታው ነበር። አፋር ከአፋር ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ ዳጉውን፣ የመንገዱን ወሬ ሁሉ፣ ሳይለዋወጥ አይላቀቅም። ከአፋምቦ የመጡትን አዛውንት፣ አባባ ሙእሚንን፣ ለመነቻቸው።

"አባባ፣ ዓይንዎ ከቀላ ሐኪሞቹ አይነኩዎትም። እጅ አይጨብጡ፤ በዱላዎ ጫፍ ሰላም ይበሉ።"

"ዱላ ለግመል ነው እንጂ ለሰው!" ብለው ሳቁ ሙእሚን። ግን ተስማሙ። ሞራው ጋርዷቸው የልጅ ልጃቸውን ፊት አይተው አያውቁም፤ ለዚያ ሲሉ ለመጣው ሁሉ ዱላቸውን እየዘረጉ ዳጉውን ከሩቅ ተቀበሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ይሄኔ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ፍቅረማርያም ካሜራ አስከትለው ብቅ አሉ። ለካ የፊት መታጠብ ቀን ኖሯል! በአንድ ሳፋ ውኃ፣ "ንጹሕ ፊት ለብሩህ ነገ" በተጠለፈበት አንድ ነጭ ፎጣ፣ ቀዩንም ነጩንም ዓይን አሰልፈው ያሳጥቡ፣ ያደርቁ ጀመር።

"ጌታዬ፣ ፎጣው አንድ ነው እኮ!" አለች ስንቅነሽ።

"ቢሆንስ? ትናንት በሳሙና ታጥቧል! ሲስተር፣ ከፎቶው ገለል በይ።"

ኃላፊ ታጥቧል ካለ በሽታው ምን አቅም አለው! ስንቅነሽ ሙእሚንን ጎትታ ልታወጣ ሮጠች፤ ፎጣው ቀድሟታል።

ሐኪሞቹ በመጡበት ጠዋት የሙእሚን ዓይን ቀልቶ፣ በዓይናር ተጣብቆ ተገኘ። "ሌላ ጊዜ" ተባሉ፤ ሌላ ጊዜ ማለት የከርሞ ሰው ይበለን ነው። ስንቅነሽ አለቃዋ ቢሮ ገብታ ጮኸች። አቶ ፍቅረማርያም ከስልካቸው ቀና እንኳ አላሉም።

"ምን ላድርግ? ንጽሕናቸውን አይጠብቁም!"

ፎቶው ከጀርባቸው ተሰቅሏል፤ የሙእሚን ፊት ፎጣው ውስጥ ነው።

ደጅ ስትወጣ አዛውንቱ ለመሄድ ተነሥተዋል። ልትሰናበት እጃቸውን ስትይዝ መነጨቁና ዱላቸውን ዘረጉላት።

"ጫፉን ያዢ፣ ልጄ። አንቺ እንኳ ትረፊ።"