ባሮ ዳር የነገሥኩ ዕለት

የጋለ ካውያ ከፋይ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ? በቁሙ የተተኮሰ በግ በለው። ባለፈው ሳምንት ኒውላንድ ሰፈር ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ ብገባ፣ የሙሽራ ካባ ሲተኩስ አገኘሁት። ሽታው እንደ ደረሰኝ ላብ አጠመቀኝ።

"ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ።

"አይ፣ ድሮ ንጉሥ ነበርኩ፤ እሱ ነው የተነሣብኝ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ወገቤን የለካው ክንዱን ዘርግቶ፣ ከሩቅ ነው።

እውነቴን ነው። ነግሼ አውቃለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ መጋቢት ላይ ቲያትር ያሳያል። የዚያን ዓመት የተመረጠው አባቴም በተማሪነቱ ያየው፣ የታወቀ የድሮ ቲያትር ነበር። አንድ ስደተኛ ሸሽቶ ንጉሥ ቤት ይገባል። የጠላት መልእክተኛ ይመጣና "ሰውየውን ስጠን፣ አለዚያ ጦርነት ነው" ይላል። ንጉሡ "እንግዳዬን አልሰጥም" ብሎ ይመልስና አገሩን ያጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። የቲያትሩ ነፍስ ያለችው በዚያች በአንዲት መልስ ውስጥ ነው።

ንጉሡ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ከባሮ ማዶ የተኛ ጉማሬ ይቀሰቅስ ነበር። ቁመቴን እግዜር በቸልታ ነው የሠራው፤ እሱን ተወው።

የአማርኛ መምህራችን ከደጋ የመጡ፣ ቲያትር ከነፍሳቸው የሚወዱ ሰው ነበሩ። መድረኩን የነደፉት ራሳቸው ናቸው። የአልጋ አንሶላ ገጣጥመው ተራራ ሳሉበት፤ ጫፉ ላይ በረዶ ጣሉበት። ይህ እንግዲህ ከምስጥ ኩይሳ የሚበልጥ ከፍታ አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ነው። ለንጉሡና ለባለሟሎቹ ከፋይ ካባ፣ ለንጉሡ ደግሞ የጎፈር ቆብና እስከ ደረት የሚወርድ የጥጥ ጺም ተዘጋጀ። በመጋቢት ጋምቤላ ውስጥ ጥላችን እንኳ ከእኛ ተነጥሎ ማንጎ ሥር ይተኛ ነበር። እኔ በዚያ ሙቀት ካባ ደረብኩ።

ልምምዱን ሊያዩ የታናናሾቻችን ክፍሎች ተሰበሰቡ። ግማሽ እንኳ ሳንደርስ ቀለጥኩ። የጺሜ ሙጫ በላብ ለቀቀ። መልእክተኛው ስደተኛውን ሲጠይቀኝ አፌን ብከፍት ጥጡ ገባ። "እንግዳዬን" ካልኩ በኋላ የቀረውን ዋጥኩት። ተማሪው በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ደግሞ ሲሳቅልኝ የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ የተረፈውን ጺም አላመጥኩላቸው።

ያልሳቀችው የቲያትር ክበቡ ሊቀመንበር ብቻ ነበረች። የክፍላችን ልጅ ናት፤ አኙዋ ናት፤ ቃል ቆጣቢ። "ሌላው ቦታ ይሳቁ" አለችኝ። "እዚህች መልስ ላይ ግን አይሳቁም።" ያን ጊዜ እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ከጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ልጆች ከእኛው ጋር ይማሩ ነበር። እነሱም ስቀዋል። እሷን ያመማት እሱ ነው።

በማግስቱ ለመምህራችን ሐሳቧን አቀረበች። ቲያትሩ ከተራራው ይውረድ አለች። ከሱዳን መርከብ ይመጣ በነበረበት ዘመን ይሁን። ስደተኛው ከመርከብ ወርዶ ይግባ፤ መድረኩ ድሮ ወደብ ከነበረው ዳርቻ፣ ማንጎው ሥር ይሁን። አያቷ ያኔ ወደቡ ላይ ጭነት ያወርዱ ስለነበር ዘመኑን ከእሳቸው አፍ ታውቀዋለች። ካባም ጺምም አያስፈልግም።

መምህሩ የታወቀ ሥራ አይነካም አሉ። ካባ የሌለውን ንጉሥ ማን ብሎ ሕዝቡ ያውቀዋል?

"ቲቸር፣ በእኛ በአኙዋ ንጉሥ በልብሱ አይታወቅም" አለች። "ፊቱ የሚቀርብ ሰው አጎንብሶ ነው የሚመጣው። ሌሎቹ ካጎነበሱ ይሄ አጭር ልጅም ንጉሥ ነው።"

ይሄ አጭር ልጅ የተባለው እኔ ነኝ። ለክብሬ ስል ተንጠራራሁ።

መምህሩ ቁርጡን ነገሯት፤ ካባው ካልተለበሰ ክበቡ ይፈርሳል። ትምህርት ቤት ውስጥ የእሷ የምትለው ነገር ያ ክበብ ብቻ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ካባዎቹን አጣጥፋ አናቷ ላይ ተሸከመችና፣ መምህራኑ ሁሉ በተቀመጡበት ክፍል መምህራችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። "አንለብስም፣ ቲቸር" አለች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ጺሜን በክብር ከላይ አኖርኩት። ጎልማሳ ገብቼ ጎረምሳ ሆኜ ወጣሁ።

"እንግዲያው ያለ እኔ ሥሩት" አሉ። "በማግስቱ ግን ክበብ የለም።"

ልምምዱ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ የተማርነው ማጎንበስ ብቻ ነው። መልእክተኛው ክፍላችን ውስጥ ረጅም የተባለ የኑዌር ልጅ ነበር፤ ወፍ ትከሻው ላይ ብታርፍ መሬት የምታይ አይመስለኝም። አጎንብስ ሳይባል ገና ተቆጣ። "እኛ ጋ ንጉሥ የሚባል የለም። ለማን ብዬ?"

"ለዚህ ነው የመረጥኩህ" አለችው። "ሁሉም ያጎነብሳል፤ አንተ ብቻ ቀና ብለህ ትገባለህ። ጦርነቱ እሱ ነው።"

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይዋ ወደ ማዶው ሣር ስታዘቀዝቅ ውኃው መዳብ መሰለ። የጭቃና የደረቀ ዓሣ ሽታ አለ፤ ከታች በኩል ልብስ ድንጋይ ላይ ሲወቀጥ ይሰማል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ትከሻው ላይ እንዳደረገ መጣ። ሰፋሪ ገበሬዎች ከገበያ ሲመለሱ አህያቸውን አስረው ቆሙ። ሊያጥቡ የመጡ ሴቶች ሳፋቸውን ደፍተው ተቀመጡበት። መምህራችን ከሁሉም ኋላ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

እኔ ባለችኝ ሸሚዝ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሟሎቹ አጎንብሰው መጡ፤ ስደተኛው አጎንብሶ መጣ። ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ የአህያ ጆሮ ሲንቀሳቀስ ይሰማ ነበር ብልህ አላጋነንኩም። ከዚያ ረጅሙ ቀና ብሎ ገባ።

ፊት የተቀመጡት የሊቀመንበሯ አያት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። "አጎንብስ!" አሉት። ከኋላቸው ሌላውም ተቀበለ፤ በአኙዋኛ፣ በአማርኛ፣ የቀረውን በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። ያ ጦርነት ሊያውጅ የመጣ ጀግና ባለበት ቆመ። ሽማግሌውን አየ፤ እኔን አየ። እኔ ምን ልርዳው? ጠላቱ ነኝ። ወገቡ መታጠፍ ሲጀምር ከማንጎው ግንድ ኋላ ድምፅዋ መጣ።

"ቀና በል።"

ቀና አለ። ላቡ እየወረደ ስደተኛውን ጠየቀኝ።

"እንግዳዬን አልሰጥም" አልኩ። ያን የጉማሬ ድምፄን ፈልጌ አጣሁት፤ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። ማንም አልሳቀም። የልብስ ውቀጣው ቆሞ ነበር። ሳፋ ላይ ከተቀመጡት አንዷ፣ ከድንበር ማዶ የመጣች እናት፣ አጠገቧ የቆመ ልጇን ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

መምህራችን ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። በማግስቱ ክበቡ መፍረሱ በሰልፍ ላይ ተነገረ። ሰልፉ ውስጥ ዞር ብዬ አየኋት። አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ቆማለች። "ይፍረስ" አለች፣ እሳቸው እስኪሰሙ። "እኛ ሠርተናል።"

ዛሬ የሰፈሩ ወጣቶች ቲያትር ሲያስቡ ስልካቸው ላይ የቤተ መንግሥት ሥዕል ያሳዩኛል፤ መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን ይሉኛል። መጀመሪያ ማን እንደሚያጎነብስ ንገሩኝ እላቸዋለሁ። ሰውዬው አረጀ ብለው ይተዉኛል። ይተዉኝ።

የዚያን ዓመት ክረምት ሲገባ ቤተሰቦቿ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ ዳር መንደራቸው ተመለሱ፤ እሷም አብራ ሄደች። ጆንያቸውን እስከ ጀልባዋ ተሸከምኩ። እግረ መንገዴን ጉራዬን ነዛሁ፤ አያቷ እንኳ ተታለው ከወንበራቸው እንዲነሡ ያደረገ ንጉሥ ከዚህ በፊት ታይቶ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"አንተ ምን ሠራህ?" አለች። "ተቀምጠህ ነበር። ያነገሡህ ያጎነበሱት ናቸው።"

ከዚያ ጀልባዋ ላይ ልትወጣ ዝቅ አለች። ለመውጣት ከሚያስፈልገው ይበልጥ ዝቅ ብላ፣ ፊቷን ሳታሳየኝ፣ ትንሽ ቆየች። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር።

የምመልስላት ቀልድ ፈለግሁ። ያን ሁሉ ዘመን አፌን ስከፍት ቀድሞኝ ይወጣ የነበረው ቀልድ ያን ዕለት የለም። ጀልባዋ መታጠፊያው ጋ እስክትደርስ እየፈለግሁ ቆምኩ።