ምንም ሳትይዙ ኑ

ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ይሆናል፤ የፊት ጥርሶቼ ረግፈው አዲሶቹ ብቅ ብቅ ይሉ ነበርና ዕድሜዬን የማውቀው በዚያ ነው። የወደቀ ሾላ በጋለ አሸዋ ላይ ሲቦካ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ድንገት ያውደኝና፣ ያንን የቆላ በጋ ከነሙቀቱ፣ ከነቢምቢው፣ ከነንዴቱ ይዞብኝ ይመጣል። ሰሞኑን የመጣብኝ በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ከባሏ ጋር ሐይቅ ዳር ካለ ትልቅ ሆቴል ሰንብታ ተመልሳ፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «ሁሉ አለ፣ ምንም አትያዙ ብለውን፣ ፎጣ እንኳ በልመና ሆነ» ብላ ማማረር ጀመረች። ምግቡ ጠዋትም ማታም ያው፣ አልጋው የሚንቋቋ፣ ውሃው የደፈረሰ። እኔ ሳቄ መጣ። «እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ሰንብቻለሁ» ብላት ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ እንግዲያው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነበር። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፣ አባቴ ጠመንጃዬን አላስረክብም ብሎ ዱር ከገባ ሰንብቷል፣ ባንዳውም ዱር የገባ ሰው ቤት የቱ ነው እያለ እየጠየቀ ሚስትና ልጅ ማንገላታት ጀምሯል። ወሩ ጥር ነበር፤ ጤፉ ተወቅቶ ገብቶ፣ እናቴ እናኑ ከምርቱ ጥሩ ጥሩውን መርጣ፣ አበጥራ፣ ለዘር ለብቻው አስቀምጣው ነበር። አባቴ በሌለበት ዓመት ያ ዘር ማለት እኛ ማለት ነበር። ዘሩ ካለ ክረምቱ ሲገባ የሚያርስልን ዘመድ ይለመናል፤ ዘሩ ከሌለ ግን መሬቱም ጦሙን ያድራል፣ እኛም እንከተለዋለን።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ስንዱ፣ ፈጣም ወንዝ ከደጋው ወርዶ ወደ ዓባይ ሲቃረብ በሚሰፋበት ቆላ ተድራ ትኖር ነበር። ባሏ አያ ይግዛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ ጓዳ ሆና ስትፈጭ፣ ከቆላ በርበሬና ጥጥ ለቡሬ ገበያ የሚያመጡት ነጋዴው አያ እንድሪስ አህዮቻቸውን ደጅ አቁመው ተጣሩ። ወፍጮው ያጓራል፣ አህያው ያናፋል፣ ታናሽ ወንድሜ አየነው ያለቅሳል፤ አያ እንድሪስም ሰው እንዳያያቸው ቸኩለው ስለነበር ሳይገቡ ከውጭ ሆነው «እመት እናኑ፣ አያ ይግዛው ልከውኝ ነው» አሉና መልእክታቸውን አድርሰው አህዮቻቸውን ነድተው ሄዱ። እናቴ የሰማችው «ምንም ሳትይዙ ኑ» የሚል ነበር።

እናቴ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ንግግር ስትሰማ ሰሙን አልፋ ወርቁን የምትፈልግ። እጇን ከመጁ ላይ አንስታ፣ ዱቄቱን እያራገፈች፣ ፊቷ በርቶ «አየሽ አይደል የሰውዬውን ጨዋነት» አለችኝ። «ቤቴ ሙሉ ነው፣ ስንቅ ይዛችሁ ብትመጡ ሰደባችሁኝ ማለቱ ነው።» በእኛ አገር ከደጋ ወደ ቆላ ዘመድ ቤት የሚወርድ ሰው ጤፉን፣ ቅቤውን፣ ጨውን ሳይዝ አይሄድም፤ ለዚህም ነው መልእክቱ ያን ያህል ያስደሰታት። አሞሌ ጨዋችንን ለጎረቤት ሰጠች፣ ቅቤውን ለንስሐ አባቷ ላከች፣ ዘሩን በጋን ሞልታ እቤት ውስጥ ከጥጃው ማሰሪያ ሥር ቀበረችና አፉን በእበት መረገችው። እኛም የለበስነውን ለብሰን፣ ለአየነው አንዲት ጋቢ ብቻ ደርበን፣ እጃችንን እያወዛወዝን ቁልቁል ወረድን።

የመጀመሪያው ሰሞን፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ገነት ነበር። የደጋ ወንዝ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ የፈጣም ውሃ ግን ለብ ያለ፣ ዳሩ ነጭ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የሾላው ጥላ። ፍየል ታረደልን። አክስቴ ስንዱ እኔንና አየነውን እየሳመች ከትከሻችን በላይ አሻግራ መንገዱን ታይ ነበር።

«አህያችሁ ወደ ኋላ ቀረች እንዴ?» አለች።

«ኧረ የለም እትዬ፣ እንዲሁ ነን» አለች እናቴ፣ ኮራ ብላ።

አክስቴ «እሰይ» አለች። ያቺ እሰይ ትንሽ ቆይታ ነው የመጣችው።

ፍየሉ ካለቀ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ። የምንተኛው ከፍየሎቹ በላይ በተሠራ ቆጥ ላይ ነበር፤ ከሥር የፍየሉ ሽታ፣ ከላይ የሣሩ ሙቀት፣ በጆሮ ቢምቢ፣ በጀርባ ትኋን። አንዱን ስናባርር ሌላው ይደርሳል። ምግቡ የማሽላ ቂጣ ነው፤ ጠዋት የማሽላ ቂጣ፣ ማታ የማሽላ ቂጣ፣ የእንግዳ ቀን ደግሞ የማሽላ ቂጣ በሰሊጥ። ሰሊጡን እወደው ነበር፣ ነገር ግን ጨው የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጨው ከደጋ ነው የሚወርደው፤ መንገዱን ባንዳ ይጠብቀው ስለነበር አያ እንድሪስ ጠፍተዋል፣ እኛም ያለንን ለጎረቤት ሰጥተን መጥተናል። በርበሬው ግን ሞልቷል፤ ጨው የሌለው በርበሬ ምላስ ያቃጥላል እንጂ ወጥ አይሆንም። የመጠጥ ውሃ ከአሸዋው ውስጥ ተጭሮ በቅል ይቀዳል፣ ለብ ያለ ነው፣ ጥርስ መሃል አሸዋው ይቀራል። ያ የምወደው ወንዝም ብዙ አልቆየልኝም፤ አንድ ጠዋት አያ ይግዛው ወደ ታች አዞ አየሁ አሉና መዋኘት ቀረ። ከዚያ በኋላ ዳር ላይ ተቀምጠን፣ ላባችን እየተንጠባጠበ፣ ውሃውን ማየት ብቻ ሆነ። አየነው በየቀኑ «መቼ ነው ቤት የምንሄደው?» ይል ነበር፤ እናቴም «ሰው ይሰማሃል» ብላ በክንዷ ትጎሽመው ነበር።

ትልቁ ንዴት ግን ምግቡም ቢምቢውም አልነበረም። ትልቁ ንዴት የጨዋ ቤት ዝምታ ነበር። አያ ይግዛው አንድ ምሳ ላይ ቂጣውን እየቆረሱልን «እናንተ ደገኞች ስትጓዙ ቀላል ናችሁ፣ እንደ ወፍ» አሉ።

እናቴ አንገቷን ደፍታ «ቃልዎን ሰምተን ነው አያ» አለቻቸው።

እሳቸውም «ቃሌን?» አሉ።

«ቃልዎን እንጂ። እንዲያ ያለ ቃል ተሰምቶ እንዴት ይታለፋል?»

አያ ይግዛው ወርቁን ፈልጎ እንዳጣ ሰው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋትና ወደ ቂጣቸው ተመለሱ። እናቴ ሙገሳ የሰጠች መስሏታል፤ እሳቸው ደግሞ ነገር የተወረወረባቸው መስሏቸዋል። ደግመው አልጠየቁም፤ እሷም አላብራራችም።

መጋቢት ገብቶ ጾሙ ሲጋመስ የአክስቴ ጎተራ ድምፁ ተለወጠ፤ ቅሏ ስትገባበት ግርግዳውን ትነካ ጀመር። ቂጣው ሳሳ። እናቴ ከንጋት ጀምራ ትፈጫለች፣ ከሰዓት ጥጥ ትፈትላለች፣ ያም ሆኖ አክስቴ ፊቷ አይፈታም። አንድ ቀን እኔ ሾላው ሥር ሆኜ አክስቴ ውሃ እየቀዳች ለባሏ ስትናገር ሰማኋት፤ «እህቴ ናት፣ ልጆቿ ልጆቼ ናቸው፣ ግን አንዲት ቁራጭ ጨው? ለኔ እንኳ ባይሆን ለልጆቿ?»

«ተይ፣ ችግር ይኖርባቸው ይሆናል» አሉ አያ ይግዛው።

«ምርት ገብቶ የምን ችግር? እንግዲህ ንቀት ነው።»

ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እንዝርቷ እጇ ላይ ቆመ። «ምንም አትያዙ ብሎ ጠርቶ!» አለች በቀስታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠግቤአለሁ ማለት አበዛች፤ የሷን ድርሻ ለእኛ እየገፋች ከስታ አንገቷ ቀጠነ።

ፋሲካ አልፎ ሚያዝያ ሲያልቅ ከቡሬ በኩል የመጣ መንገደኛ ቤታችን መቃጠሉን ነገረን። እናቴ አላለቀሰችም። ደጅ ወጥታ ወደ ደጋው ነበር ያየችው፤ ተራራው ራስ ላይ እንደ ተበጠረ ጥጥ ያለ ደመና ተቀምጦ ነበር። ቤት ሲቃጠል ጣራው የለም፣ ጣራው ከሌለ ዝናቡ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ወለሉ ሥር ዘሩ አለ። ጋኑን ሄዶ ማውጣት አህያና ወንድ ይፈልጋል፤ አህያው የአያ ይግዛው ነው፣ ወንዱም እሳቸው ናቸው። እናቴ እሳቸው ራሳቸው «ቤቱን እስኪ ሄደን እንየው» እስኪሉ ትጠብቃለች፤ እሳቸው ደግሞ ባዶ እጇን የመጣች ሴት በተቃጠለ ቤት ውስጥ ምን ይኖራታል ብለው አንድም ቀን አላሰቡትም። እኔ በልጅ አንጀቴ አርሬ፣ በየጠዋቱ ደመናውንና የሁለቱን ፊት አያለሁ፤ ደመናው ይጠቁራል፣ ሁለቱ «እንዴት አደሩ፣ እንዴት አደርሽ» ተባብለው ይለያያሉ።

ግንቦት ላይ አያ እንድሪስ መንገድ ተከፍቶላቸው ደረሱ፣ ጨውም አመጡ። ምሳ ቀርቦ ሁላችንም ከብበን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ጨው ያለው ወጥ እየበላን ሳለ፣ እናቴ እጇን ሰብስባ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ጥሩ እንዳልሆነ አውቀው ነበር።

«አያ እንድሪስ፣ ያን የጥር ወሩን መልእክት እስኪ አንዴ ይድገሙልኝ፤ ጣፍጦኝ ስለነበረ ነው።»

«የአያ ይግዛውን?» አሉ አያ እንድሪስ እያኘኩ። «ምንም ሳይዛችሁ ኑ ነዋ።»

«እንዴት አሉ?»

«ምንም ሳይዛችሁ። ሥራ ሳይዛችሁ፣ ባንዳው ሳይዛችሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ውረዱ።»

እናቴ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ሳትይዙ አላሉም?»

«እኔ? ነጋዴ እኮ ነኝ እመት እናኑ፤ ሰው ባዶ እጁን ውጣ ብዬ ልምከር?»

አያ ይግዛው ዋንጫቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። «ዘመዱ ቤት የሚመጣ ሰው የሚይዘውን ያውቃል ብዬ፣ ስለዚያ አንድ ቃል አልጨመርኩም» አሉ።

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እናኑ፣ ታዲያ እንዲያ መስሎሽ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አንቺስ እትዬ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

 አየነው ወጡን ይጠርግ ነበር። እናቴ እጆቿን፣ መጁ ያደነደናቸውን መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸውና «ወፍጮው ነው» አለች። «ወፍጮው ነው ጆሮዬን የያዘው።» ከዚያ ወደ አያ ይግዛው ዞረች፤ «ዘሩን ትቼው መጣሁ፣ አያ። ከጥጃው ማሰሪያ ሥር።»

አያ ይግዛው ምሳቸውን አልጨረሱም። ተነስተው አህያቸው ላይ መጫኛውን አሰሩ።

ደጋው ላይ ዝናቡ ቀድሞን ነበር። ከቤታችን የቀረው የጠቆረ ምሰሶና የወደቀ ግርግዳ ነው፤ አንዱ ወጋግራ ሲወድቅ የመሬቱን ምርጊት ሰብሮ የጋኑን አፍ ፈልጦታል። አያ ይግዛው በእጃቸው አፈሩን ጭረው ጋኑን ሲገልጡት፣ ጤፉ በቅሎ ነበር። ከአፍ እስከ ገደፉ እንደ ሕፃን ጸጉር የለሰለሰ አረንጓዴ፤ ሥሩ ደግሞ ሻግቶ ተጋግሯል፣ ሽታው ከዚያ ከሾላው ሽታ ጋር አንድ ነበር። እናቴ አንድ እፍኝ አውጥታ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«አሁን እንግዲህ ያዘን» አለች።

ጎረቤት ጎጆ አስጠጋን። አያ ይግዛው ባዶውን አህያ እየነዱ ወደ ቆላ ተመለሱ፣ ስለ ነገሩም አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እናቴን ይህ ዝምታ ከስድብ ይልቅ ቆረጣት። ያን ሰሞን ወደ ሜዳው ዞራ ቁጭ ብላ፣ የሌላው ሰው በሬ ሲያርስ እያየች፣ «ለምን አልጠየቅኩም፣ አንድ ቃል ነበረች እኮ» ስትል እሰማት ነበር።

የልጅ ልጄ ስልኳን አንስታ ሆቴሉን «ምንም አትያዙ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነበር?» ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው፣ በእኛ ጊዜ ቢሆን ጎረቤት ይወጣ ነበር። ግን ጠየቀች፤ ፈጥኖም ተመለሰላት፣ ይቅርታም አሏት። እኛ አንዲቱን ቃል ከጥር እስከ ግንቦት ይዘናት ተቀመጥን፤ የጠየቀ እንዳያፍር፣ የተጠየቀ እንዳይከፋው ብለን። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ድምፅዋ ግን አላስቀየመኝም።

የዚያኑ ዓመት ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ፣ አያ ይግዛው ሁለት አህያ የዳጉሳ ዘርና አንድ ቁራጭ ጨው ጭነው፣ በሬዎቻቸውን እየነዱ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ደጃችን ደረሱ። ጨውን ለእናቴ ሰጧት። መሬታችንን አርሰው፣ ዘርተው፣ አፈሩን መልሰው ጨረሱ። አህዮቹንም በሬዎቹንም አባቴ እስኪመለስ ብለው እኛ ጋ ትተው፣ ምንም ሳይዙ ወደ ቆላው ወረዱ።