ሁለት ጆሮ ብቻ የሳለልኝ ጋሽ ወርቁ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቱ ደውላ ማረፉን ስትነግረኝ ስልኩን ዘጋሁባት። መልሼ ደወልኩና «የትኛው ወርቁ?» አልኳት። ሌላ ወርቁ እንዲሆንልኝ ፈልጌ እኮ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሌላ ሰው ቤት ይፍረስ ማለቴ ነው።

«ታፔላ ጻፊው» አለችኝ።

እናንተ! ባለፈው ሳምንት ጀሞ ታክሲ ተራ አግኝቼው፣ «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» ብዬው በችኮላ ያለፍኩት ሰውዬ!

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ነፋስ ስልክና ጎፋ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የድሮ የሱቅ ስም ካያችሁ፣ አብዛኛው የእሱ እጅ ነው። ነበር ልበል እንጂ፣ አሁንማ የታለ።

እኔ እንደምታውቁት ጎፋ የውሻ ምግብ እሸጣለሁ። ከሥጋ ቤት አጥንትና ትርፍራፊ ሰብስቤ፣ ቀቅዬ፣ ሰንሰለትና የአንገት ማሰሪያም ጨምሬ። ስጀምር ሰፈሩ «ሰው ሳይጠግብ ውሻ ትቀልባለች» እያለ ስቆብኛል። ስለዚህ ታፔላዬ እንኳ የሚያኮራ እንዲሆን ፈለግኩ። የምፈልገውን በወረቀት ጽፌ ለጋሽ ወርቁ ሰጠሁት፦ ውሻ፣ ድመት፣ አጥንት፣ ሰንሰለት፣ ስሜ፣ ስልኬ፣ ከላይ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን»።

አነበበና «እልፌ፣ ይኼ ታፔላ ነው የኖኅ መርከብ?» አለኝ።

ከዚያ በርጩማዬን አንስቶ መንገዱን ተሻገረና ማዶ ተቀመጠ። ግማሽ ቀን! ታክሲ ሲያልፍ ያያል፣ መልሶ የእኔን በር ያያል። ምን ነካው ብዬ ውሃ ይዤለት ሄድኩ።

«ታክሲው አይቆምልሽም» አለኝ። «መስኮት ዳር ያለው ሰው ዞር የሚለው አንዴ ነው። በዚያች አንዴ የያዘውን ይዞ ይሄዳል።»

ይቺን «ታክሲው አይቆምልሽም» ስንቴ ሰምቻታለሁ መሰላችሁ።

ተመልሶ መጣና ደጃፌ የተኛውን ቡቺን አየው። ቡቺዬን ሌላ ውሻ ነክሶት አንድ ጆሮው ወድቆ ቀርቷል፣ አንዱ ቆሟል። ጋሽ ወርቁ ጠመኔ አወጣና በሩ ላይ አንድ የቆመ ጆሮ፣ አንድ የወደቀ ጆሮ፣ መሐላቸው አንድ መስመር አሰመረ። አለቀ።

«ዓይኑስ?»

«ቀንሺ።»

«ምላሱስ?»

«ቀንሺ።»

«ኧረ ባዶ ሆነ! ጭራውን እንኳ!»

«ፊት ለፊት የሚያይሽ ውሻ ጭራው ይታይሻል እንዴ?»

«ለዚህች ነው ግማሽ ቀን የተጎለትከው?» ስለው፣ «መሳሉማ አፍታ ነው፤ የተጎለትኩት ለመቀነስ ነው» አለኝ።

አኩርፌ ነው የተቀበልኩት። ላሜራ ላይ በጥቁርና በቢጫ ሠርቶ ሰቀለው፤ ከጆሮዎቹ ሥር «የውሻ ምግብ» ብቻ። ስሜ እንኳ የለም። ወር ሳይሞላ ታክሲ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ «ጆሮው ጋ ወራጅ አለ!» ስትል ሰማሁ። ፊደል ያልቆጠረ ዘበኛ ሳይቀር «ጆሮው ጋ ሂድ» ተብሎ ይመጣልኝ ነበር። በዚያ ጆሮ ነው ልጄን ያስተማርኳት።

ያስተማርኳት ልጄ ናት ደግሞ «እማዬ፣ ይኼ ነገር ፋራ ነው፣ ባነር እናሳትም» ያለችኝ። በእሷ አላሳብብም፣ እኔም አምሮኝ ነበር። ባነሩ መጣ፦ ፀጉሩ የተንዠረገገ የፈረንጅ ውሻ፣ ድመት፣ በቀቀን፣ ዓሣ (ዓሣ ሸጬ አላውቅም!)፣ ጥጉ ላይ እኔ ራሴ ነጠላ ለብሼ ፈገግ ብዬ።

ጋሽ ወርቁ አንድ ቀን ሲያልፍ ቆሞ አየው። እኔ ከጆንያው ጀርባ ተደበቅኩ፤ አዎ፣ ተደበቅኩ። ገባና «ደማቅ ነው፣ ያምራል» አለኝ። በሩን ዞር ብሎ አየና «ላሜራውስ?» አለ።

«አስቀምጬዋለሁ።»

ውሸቴን ነበር። ጓሮ ከቡቺ በኋላ ላመጣሁት ውሻ ቤት ክዳን አድርጌዋለሁ። እሱ ግን «ጎበዝ» ብሎኝ ወጣ። «ቀንሺ» ቢለኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእኔ በኋላ ፀጉር ቤቱም ሥጋ ቤቱም ባነር ሆነ። ብሩሽ የለመደ እጅ ዱላ ያዘ፤ ጋሽ ወርቁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ዛሬ ፌስቡኩ ሁሉ «ታላቁ ባለሙያችን» ይላል። ባለሙያችን ከሆነ ሥራ ለምን ነፈግነው? መጀመሪያ ራሴን ነው የምጠይቀው፤ እናንተም እንደየቤታችሁ ጠይቁ።

ከሰዓት ልቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ፊት ባነር ሲሰቅሉ ደረስኩ። ጽጌረዳ፣ ሻማ፣ እርግብ፣ ደመና፣ ወርቃማ ጽሑፍ። መሐል ላይ ጋሽ ወርቁ፣ ከዘበኝነት መታወቂያው በተነሳ ፎቶ፣ ኮፍያውን እንዳደረገ።

የሚሰቅለውን ሰውዬ «ወንድሜ፣ አበባውን ቀንሱለት፤ ስሙና ፊቱ ይበቃዋል» አልኩት።

«ማዘር፣ ባዶ ይሆናላ!» አለኝ።

የኔው ቃል።

ሱቄ ተመልሼ ላሜራውን ከውሻው ቤት ላይ አወረድኩት። ጠርዙን ዝገት በልቶታል። በሩ ላይ አስደገፍኩትና መንገዱን ተሻግሬ፣ እሱ ያኔ የተቀመጠበት ቦታ ቆሜ አየሁት። ከማዶ ሲታይ ባነሩ ዝም ብሎ ዝብርቅርቅ ነው፤ የገዛ ፊቴን እንኳ መለየት አቃተኝ። ጆሮዎቹ ግን ይታያሉ። አሁን ገባኝ ብል ለማን ይጠቅማል?

ጋሽ ወርቁ፣ ብዙ ጽፌልህ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለውን፣ አፈሩን፣ ገነቱን፣ እንባዬን። እየቀነስኩ እየቀነስኩ መጣሁ። የቀረው ይኼ ነው።

ላሜራውን አላስቀመጥኩትም ነበር። ዋሽቼሃለሁ።

ደህና ሁን።