የአቧራ መለኪያው አቧራ እንዳይነካው

ንጋት፣ ወደ ሱሉልታ

ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፤ ጓደኛዬ ዶክተር ሌንሳ ጋቢና ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች። ሌንሳ የአየር ሳይንቲስት ናት። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ላይ አየር እየሳቡ ጭስና አቧራውን ነጭ ማጣሪያ ላይ የሚያስቀሩ ማሽኖች ተክላለች። ዛሬ ማጣሪያዎቹን ልንሰበስብ ነው። ክረምቱ ሳይገባ የሦስቱም ከተማ ማጣሪያ ካልተሟላላት የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

የእንጦጦን ዳገት አልፈን ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሱሉልታው ማሽን ያለው ላም አርቢው ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ግቢ ነው።

«አካም ቡልታን?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርን ጠየቁንና ትኩስ ወተት ሰጡን። «ልጄ፣ ይሄ ደመና ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ጥሎን ይሄዳል። ጭሱ ነው እንዴ የሚይዘው?»

«እሱን ነው የማጠናው ኦቦ። የደመና ጠብታ የሚሠራው ብናኝ ላይ ነው። ብናኙ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ይከፋፈላል። አንድ ድስት ወጥ ለሠርግ ቤት ሙሉ ቢያዳርሱት ማን ይጠግባል? ጠብታውም እንደዚያው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ መውረድ ያቅተዋል። ግን ሳልለካ አልናገርም።»

ማጣሪያው ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነበር።

ረፋድ፣ ቡራዩ

በአምቦ መንገድ አንድ አይሱዙ ፊታችን ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህን መኪና መርምሮ «ይነዳ» ያለው ማን ነው? መስኮት ዘግቼ ተሳደብኩ። ብሎኬት ማምረቻ፣ የበር መበየጃ፣ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው።

ማሽኑ ያለበት የብረታ ብረት ቤት ባለቤት ማጣሪያውን ሲያይ ደነገጠ፤ ከሰል መስሏል።

«በናትሽ ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ እኛ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው?»

«አዎ» አለችው። ፉል ጋበዘን።

ከሰዓት፣ ሰበታ

የፋብሪካዎቹ ጭስ ከሩቅ ይታያል። ማሽኑ ያለበት መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ስንወጣ ሌንሳ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ማሽኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። አዲስ ቴሌቪዥን እንደምንሸፍነው ማለት ነው። ውስጡ ያለው ማጣሪያ እንደ ወተት ነጭ ነው።

ፕላስቲኩን ይዘን ወደ ኃላፊው ቢሮ ወረድን።

«አቧራ እንዳይገባበት ብለን ነው» አለ በኩራት። «ማጣሪያው በተቀየረ ማግስት እንግዶች ሊመጡብን ግቢውን ስናሳምር፣ ውድ ዕቃ መሆኑን ስላወቅን ሸፈንነው። ማጣሪያውንም አሳየናቸው። የሰበታ አየር ንጹሕ ነው ብለን ሪፖርት አድርገናል።»

ደሜ ፈላ። የአንድ ዓመት ሥራ አበላሽቶ በተበላሸው ሥራ ይመሰገናል!

ሌንሳ ፕላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ላዩ በጥቀርሻ ጠቁሯል። «ሪፖርቱን ያርሙ። ይህንንም ይላኩላቸው» አለችው።

ኃላፊው ፕላስቲኩን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አየ፣ ፊቱን አኮሳተረ። ከዚያ በሩን ከፍቶ የጽዳት ሠራተኛዋን ተጣራ።

«ታደለች! ነይ ይሄን እጠቢና መልሰሽ ሸፍኚበት።»

ሌንሳ ከእኔ ካቻቢቴ ተቀብላ ጣሪያው ላይ ተመልሳ ወጣች። ማሽኑን ነቅለን ጫንን። ከሰበታ ሳንርቅ ፉሪ ስንደርስ መኪናዋን አቁመን፣ ክረምቱ ሳይገባ ማሽኑን ግቢው የሚያስጠጋ ሰው ፍለጋ በር ማንኳኳት ጀመርን።